የሰርግ ዲስክ፦ በምዕራብ ጎጃም የቪዲዮ ቅጂ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስን ከተሻገረ በኋላ አማኑኤልን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ 387ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፍኖተ ሰላም ይገባል። ከዚያ በማንኩሳ በኩል ቡሬ ሲደርስ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድ ይገነጠላል። የአካባቢው በርበሬ፣ በቆሎና ጤፍ የወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ሬዲዮው፣ ካሜራውና ዲስኩም የገባው በዚሁ ነው። ይህ ትረካ የተንቀሳቃሽ ምስልን መንገድ ይከተላል፤ አንዱ ዕቃ ባረጀ ቁጥር ምስሉ ወደ ሌላው እንዴት እንደተገለበጠ ይናገራል። በእያንዳንዱ ግልበጣ የተረፈ አለ፣ የጠፋም አለ። የጠፋው በአብዛኛው ባለማወቅ የጠፋ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ለቀረው ይጠቅማል።

የካሴት ዘመን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ምስሉ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም ነበር። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሰው ለብዙ ዓመታት የሩቁን ዓለም የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ፣ ቆይቶም በቴፕ።

ተራ ቤተሰብ የራሱን ምስል የሚቀርጽበትንና የሚያይበትን ዕቃ ለዓለም ያቀረቡት የጃፓን ኩባንያዎች ናቸው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ በዓመቱ ቪኤችኤስን አወጡ፤ ፉክክሩን ቪኤችኤስ አሸነፈ። በእኛ አገር ያ ጊዜ የደርግ ዘመን ስለነበር የውጭ ዕቃ እንደ ልብ አይገባም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ንግዱ ከተከፈተ በኋላ ነው የቪዲዮ ዴክ በመርካቶ በኩል ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች በብዛት መውረድ የጀመረው።

መጀመሪያ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ። በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ የሕንድና የካራቴ ፊልም በሳንቲም ይታይ ጀመር። ቀጥሎ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰዎች ቪዲዮ ካሜራ ገዙና ሰርግ መቅረጽ ያዙ። ጥር ሲገባ ካሜራው ከከተማ ወደ ገጠር ይወጣል፤ ዳሱን፣ ሚዜዎቹን፣ የሽማግሌዎችን ምርቃት፣ የሙሽራውን አገባብ ይቀርጻል።

ያን ጊዜ ማንም ልብ ያላለው አንድ ነገር ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተዋጉ አርበኞች ገና በሕይወት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ሰርግ ላይ በክብር ይቀመጣሉ፤ ጠላው ሞቅ ሲያደርግ ተነሥተው ይፎክራሉ፣ ይሸልላሉ። አዝማሪው፣ ቀረርቶ አውራጁ ሁሉ በዚያ ዳስ ውስጥ አለ። ካሜራው የተጠራው ለሙሽሮቹ ቢሆንም የአንድ ትውልድን ድምፅና መልክ አብሮ እየቀረጸ ነበር።

የካሴት ኤዲቲንግ በሁለት ዴክ ይሠራ ነበር። በአንዱ ዋናው ካሴት ይጫወታል፣ በሌላው ባዶው ይቀዳል፤ የማይፈለገው ቦታ ሲደርስ መቅጃው ይቆማል። የሦስት ሰዓት ሰርግ ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቅጂው ደግሞ ከዋናው ያንሳል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የፊት ጠርዝ ይደፈርሳል፣ ድምፁ ውስጥ ሹክሹክታ ይገባል። ለሙሽራው ወገን፣ ለሙሽሪት ወገንና ለሚዜ ሲባዛ ዋናው ካሴት እንዳያረጅ ከቅጂው ላይ ሌላ ቅጂ ይነሣ ነበር። በሦስተኛው ትውልድ ላይ አያትን ከአጎት መለየት ይቸግራል።

ሌላው ችግር ከባሕር ማዶ መጣ። ኢትዮጵያ ትጠቀም የነበረው ፓል በሚባለው የምስል ሥርዓት ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ያሳያል። አሜሪካ ትጠቀምበት የነበረው ኤንቲኤስሲ ደግሞ ወደ 30 ይጠጋል። የእህቱን ሰርግ ካሴት በሰው እጅ አስልኮ ዋሽንግተን ላይ በአሜሪካ ዴክ ውስጥ ያስገባ የጎጃም ልጅ የሚንከባለል ወይም ቀለም የሌለው ምስል ይጠብቀው ነበር። ካሴቱን ማሳየት የሚቻለው ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ ነው። ቪዲዮ ኮንቨርት ማድረግ የሚባለውን ነገር ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ያወቀው በዚህ ችግር ነው።

ቪሲዲ እና የእስክስታው ፈተና

እ.ኤ.አ. በ1993 ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ በአንድ ሆነው የቪሲዲን ደንብ አወጡ። አውሮፓና አሜሪካ ብዙም አልተቀበሉትም፤ ቻይና ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፣ ርካሽ ማጫወቻም በገፍ ሠራች። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ያ ማጫወቻ ወደ ጎጃም ከተሞች ደረሰ። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች ዘፈኑን ከነጭፈራው በቪሲዲ ማውጣት ጀመሩ፤ ከአውቶቡስ ተራው አጠገብ ዲስክ የሚሸጡ ልጆች በዙ። የገጠሩ ሰው ለገበያ ሲወጣ ጨውና ቡናውን ገዝቶ አንድ የእስክስታ ዲስክ ይዞ ይመለሳል።

ሰርግ ቀራጮችም ኮምፒውተር ገዝተው የካሴቱን ምስል በካፕቸር ካርድ አስገብተው ወደ ሲዲ ይገለብጡ ጀመር። አንድ ሰርግ «ሲዲ 1፣ ሲዲ 2፣ ሲዲ 3» ተብሎ ይከፋፈላል፤ ምክንያቱም ቪሲዲ በአንድ ሲዲ ላይ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ያን ያህል ለመያዝም ምስሉን አጥብቦና ጨምቆ ነው። የቪሲዲ ፍሬም ስፋት 352 በ288 ነጥብ ሲሆን ለምስሉ የሚመደበው በሰከንድ 1,150 ኪሎ ቢት ነው። መጭመቂያው ኤምፔግ ይባላል። ኤምፔግ ሁሉንም ፍሬም ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም፤ አንዱን ሙሉ ካስቀመጠ በኋላ በቀጣዮቹ ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ዜና አንባቢ ተቀምጦ ሲያነብ የሚለወጠው ከንፈሩ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። የጎጃም እስክስታ ግን ለዚህ ዘዴ ከባድ ፈተና ነው። ትከሻው ሲርገፈገፍ፣ ነጠላው ሲውለበለብ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሲያጨበጭብና አቧራው ሲነሣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የማይለወጥ ነገር የለም። ቦታው አልበቃ ሲል ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበታተናል። የዚያ ዘመን የሰርግ ዲስክ በምርቃቱ ጊዜ ጥርት ብሎ በጭፈራው ጊዜ የሚደፈርሰው ካሜራው ስለተበላሸ አይደለም፤ የተመደበለት ቦታ ለትከሻው ፍጥነት አልበቃ ብሎት ነው።

ዲስክ መገልበጥ ቀላል መሆኑ ሌላ ጥያቄ አስነሣ። ካሴት ለመገልበጥ ሰዓታት ይፈልግ ነበር፤ ሲዲ ራይተር ያለው ኮምፒውተር ግን በደቂቃዎች ይጨርሳል፣ ቅጂውም ከዋናው አይለይም። ዘፋኙ የለፋበትን ሥራ ያልደከመበት ሰው አባዝቶ የሚሸጥበት ጊዜ መጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለዚህ ጥያቄ የሕግ መልስ ሰጠ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። ሕጉ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለራሱ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያነሣ ይፈቅዳል፤ አባዝቶ መሸጥን ግን ይከለክላል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የአባቱን ተዝካር ዲስክ ለወንድሞቹ የሚገለብጥ ሰው የቤተሰቡን ንብረት እየጠበቀ ነው። የአርቲስት ዲስክ አባዝቶ የሚቸረችር ግን የሌላውን እንጀራ ይበላል።

ዲቪዲ እና የጠፋው ዋና ካሴት

ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1996 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሚኒ ዲቪ የሚባለው ትንሽ ዲጂታል ካሴት ወጥቶ ነበር። ሁለቱ በጎጃም ሰርግ ቤት የተገናኙት ከኢትዮጵያ ሚሊኒየም አካባቢ ጀምሮ ነው፤ በሚኒ ዲቪ ይቀረጻል፣ በዲቪዲ ይሰጣል።

ለውጡ ትልቅ ነበር። የዲቪዲ ፍሬም 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ከቪሲዲው አራት እጥፍ ይበልጣል። አንዱ ዲስክ 4.7 ጊጋ ባይት ስለሚይዝ ሙሉ ሰርግ በአንድ ወይም በሁለት ዲስክ ያልቃል። ዋናው ሚኒ ዲቪ ካሴት ደግሞ ከዚያም ይሻላል፤ በሰከንድ 25 ሜጋ ቢት ይመዘግባል። የአንድ ሰዓት ካሴት ኮምፒውተር ላይ 13 ጊጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ ካፕቸር ለማድረግም ሙሉ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

ጉዳቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሀርድ ዲስክ ጠባብና ውድ ነበር። ቀራጩ ሰርጉን ኤዲት አድርጎ፣ ዲቪዲ ላይ ገልብጦ፣ ለባለ ሰርጉ ካስረከበ በኋላ ፋይሉን ያጠፋል። ካሴቱ ላይም ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ሳምንት ሰርግ ይቀረጽበታል። በዚህ ማንም አይወቀስም፤ ዕቃው ውድ ነው፣ ባለ ሰርጉም ዋናውን አልጠየቀም። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ከዚያ ዘመን ሰርግ የተረፈው ዲስኩ ብቻ ነው። ተጨምቆ የተሰጠው ቅጂ ዋና ሆነ።

በዚሁ ዘመን ስክሪን ከሰርግ ቤት አልፎ ወደ ትምህርትና ወደ እርሻ ገባ። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር ተማሪው «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው ቴሌቪዥን ክፍል ውስጥ ተሰቀለ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በካናዳ መንግሥት ድጋፍ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የጀመረው የገበያ ተኮር ግብርና ፕሮጀክት ከመረጣቸው 10 ወረዳዎች አንዷ ቡሬ ነበረች። ፕሮጀክቱ በወረዳ የዕውቀት ማዕከላትና በገበሬ ማሠልጠኛዎች ቴሌቪዥን፣ የዲስክ ማጫወቻና ኮምፒውተር እንዲገባ አደረገ። ስለ ንብ፣ ስለ ከብት ማድለብና ስለ መስኖ የተቀረጸ ዲስክ በገጠር ይታይ ጀመር። ዲስክ መዝናኛ ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ አበቃ።

ሚሞሪ ማስጫን

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር የጥቂት ሰዎች ዕቃ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ግን ሚሞሪ የሚቀበል ርካሽ የቻይና ስልክ በገበሬው ኪስ ገባ። ያን ጊዜ ሚሞሪ ማስጫን የሚባል ሥራ ተፈጠረ። በገበያ ቀን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጅጋና በማንኩሳ ሱቆች በር ላይ ሰው ይሰለፋል። ዘፈን፣ ስብከት፣ ድራማ ያስጭናል፤ የራሱንም የሰርግ ዲስክ አውጥቶ «ይኼን ስልኬ ላይ አድርግልኝ» ይላል።

ስልኩ ዲቪዲውን እንዳለ አያነብም፤ ስለዚህ ባለ ሱቁ ኮንቨርት ያደርግለታል። ብዙ ሱቅ የሚጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2008 ከቻይና የወጣውን ፎርማት ፋክተሪን ነበር፤ ነፃ ነው፣ ለመልመድም አያስቸግርም። ትንሹ ስልክ የሚወደው ስሪጂፒ የሚባለውን ፋይል ነው፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 176 በ144 ነጥብ ብቻ ነበር። ከዲቪዲው ነጥቦች ከአሥራ ስድስቱ አንዱ ያህል ብቻ ይተርፋል ማለት ነው። በሁለት ጣት ስፋት ስክሪን ላይ ግን ያምር ነበር። እናት እርሻ ውላ ስትገባ የልጇን ሰርግ በእጇ ይዛ አየች፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስህተቱ የመጣው ትንሹን ፋይል ያገኘ ሰው ዲስኩን በመርሳቱ ነው። ምስሉ ስልክ ውስጥ አለ ተብሎ ዲስኩ ከቆጥ ላይ፣ ከሳጥን ሥር፣ ከጭስና ከአቧራ ጋር ተጣለ። ስልኩ ሲሰበርና ሚሞሪው ሲበላሽ ትንሹም ፋይል ሄደ።

ዲስኩ ሲመለስ

አሁን ያ ዲስክ እየተመለሰ ነው። አባት ሲያርፍ ልጆቹ ለሙት ዓመቱ ምስል ይፈልጋሉ፤ አባታቸው ሲፎክር የታየው በታላቅ እህታቸው ሰርግ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩን ይዘው ወደ ኤዲተር ይሄዳሉ። አዲስ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ የቤቱ ማጫወቻም ከተጣለ ቆይቷል። ኤዲተሩ በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ያወጣል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር አባትየው ለልጅ ልጅ መድረስ አለመድረሱን ይወስናል።

ዲስኩ መጀመሪያ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይጠረጋል እንጂ አይዞርም። በሲዲ ላይ ጽሑፍ ያለበት ፊት በተለይ ይጠበቃል፤ መረጃውን የያዘው ንጣፍ ከዚያ ፊት ሥር ስስ ቀለም ብቻ ሸፍኖት ስላለ በስክሪብቶ የተጫረ ሲዲ አይድንም። በዲቪዲ ንጣፉ በሁለት ፕላስቲክ መካከል ስለሆነ ይሻላል።

ቀጥሎ ዲስኩ በሙሉ እንዳለ ወደ ሀርድ ዲስክ ይገለበጣል። ይህ አይኤስኦ የሚባለው ቅጂ ነው፤ ሜኑውን፣ ምስሉንና ቅደም ተከተሉን አንድ ሳይጎድል ይይዛል። የተጫረ ቦታ ካለ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ሌላ ድራይቭም ይሞከራል። የተጎዳውን ዘሎ ጤነኛውን ካነበበ በኋላ ወደ ተጎዳው የሚመለስ ፕሮግራምም አለ። ኮንቨርት ማድረግ ከዚህ በፊት መምጣት የለበትም።

ዲቪዲው ውስጥ ያለው ምስል ቪኦቢ በሚባሉ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ከአንድ ጊጋ ባይት አይበልጥም። ቁጥራቸው ዜሮ የሆነው ሜኑው ነው፤ ሰርጉ ከአንድ ይጀምራል። ክፍፍሉ የሚያየው መጠንን ብቻ ስለሆነ የሽማግሌው ምርቃት መሐል ላይ ሊቆረጥ ይችላል። እያንዳንዱን ለብቻው ኮንቨርት አድርጎ ኋላ የሚቀጥል ሰው ቃል ይጠፋበታል፣ ድምፁም ከከንፈሩ ይለያያል። መጀመሪያ በቅደም ተከተል መቀጠል፣ ከዚያ መሥራት ነው።

ለዚህ የሚያገለግሉ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። ኤፍኤፍኤምፔግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 በፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር ነው፤ ቪኤልሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ ኢኮል ሳንትራል ተማሪዎች እጅ የተወጠነ ነው። በኤፍኤፍኤምፔግ ምስሉን እንደገና ሳይጨምቁ ማሸጊያውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ በዚህ መንገድ ምንም አይጠፋም፣ ሥራውም በደቂቃዎች ያልቃል። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የዲቪዲውን መጭመቂያ ኤምፔግ 2ን አልቀበልም ካለ ብቻ ነው አንዴ፣ በከፍተኛ ጥራት፣ መለወጥ ያለበት።

በለውጡ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠበቃል። የሰከንዱ 25 ፍሬም ወደ 30 አይቀየር። አሮጌው ካሜራ 4 ለ3 የቀረጸው ምስል የዛሬውን ሰፊ ስክሪን ለመሙላት ሲባል አይወጠር፤ የአባት ፊት የእሱ ያልሆነ ስፋት ያገኛል። ሦስተኛው የእስክስታው ጉዳይ ነው። የፓል ካሜራ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚያየው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የምስሉን ግማሽ መስመር ይይዛል። ኮምፒውተር ላይ ትከሻው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ የሚታየው ለዚህ ነው። ኤዲተሩ ዝም ብሎ ወደ 25 ከለወጠው የትከሻው እንቅስቃሴ ግማሹ ይጠፋል፤ ወደ 50 ሙሉ ፍሬም ከለወጠው ግን እስክስታው ፍጥነቱን ይዞ ይቀራል።

ምስሉን ማስፋት ጥራት አይሰጥም። የዛሬው ፉል ኤችዲ ከዲቪዲ አምስት እጥፍ ነጥብ አለው፤ ዲስኩ ላይ የሌለውን ነጥብ ኮምፒውተሩ ይገምታል እንጂ አያውቀውም። የሰው ፊት በግምት አይሠራም።

ለቀረው

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ምስሉ ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ ነው ብሎ የተማመነ ሰው እጁ ባዶ ቀረ። ቤቱ ውስጥ ዲስክና ፍላሽ ያለው ግን የራሱን ምስል አየ።

ይህች አገር ግልበጣን በቁም ነገር የያዘችበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮ ፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ቅጂው አዲስ አበባም፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኝ ገዳም ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስንት ብራና እንደተቃጠለና እንደተሰረቀ ለሚያስብ ሰው የሁለት ቦታውን ጥበብ ማስረዳት አያስፈልግም። አርበኛው በሰርግ ዳስ ያሰማው ፉከራ በብራና አልተጻፈም፤ ያለው በዲስክ ላይ ብቻ ነው። በቤት የሚገለበጥ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ያ ቀለም ደግሞ በሙቀት፣ በብርሃንና በእርጥበት ይሞታል።

ስለዚህ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ኤዲተሮች፦ የደንበኛን ዲስክ ስትቀበሉ ኮንቨርት ከማድረጋችሁ በፊት ሙሉውን ገልብጡ፤ ኤዲት የተደረገውን ስትሰጡም ሙሉውን ቅጂ አብራችሁ ስጡ። ለየወረዳው የባህል ቢሮዎች፦ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ የአርበኞችን ፉከራና የአዝማሪዎችን ሥራ ከእነዚህ ዲስኮች ሰብስቡ። ለቤተሰቦች፦ በዚህ ሳምንት ሳጥናችሁን ክፈቱ። ያገኛችሁትን ዲስክ በሙሉ ወደ ሁለት ቦታ አስገልብጡ፤ አንዱን እቤት፣ ሌላውን ዘመድ ቤት አስቀምጡ። በዲስኩ ውስጥ የሚታየው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉም ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ኤዲቲንጉ በማንኛውም ጊዜ ይደርሳል፤ ዲስኩ ግን አይጠብቅም።